አቤት የሚል ካለ

ፍራንክፈርት፣ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውድነሽ፤

ይህ ደብዳቤ የጣርማበር ጉም ገለጥ ባለበት፣ ጉልበትዎም ቀለል ባለዎት ቀን እንዲደርስዎ እለምናለሁ። ጸሐፊዎ አቶ ሀብተጊዮርጊስም መነጽራቸውን ሳይረሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡልዎ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

የጉልበቱን ቅባት አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬያለሁ። ማታ ሊተኙ ሲሉ ነው የሚቀባው፤ ዓይንዎን እንዳይነካዎ።

የወንድዬን ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አሳስቤ መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ነበር። ወንድምዎን በሰው አገር አፈር በመተዌ እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ፤ ባይሉኝም አውቃለሁ። እስካሁን ያልነገርኩዎ አንድ ነገር አለ። የዚህ አገር መቃብር እንደ ቤት ኪራይ ነው። ዘመኑ ሲሞላ ካልታደሰ ድንጋዩን አንሥተው ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። እኔ እስካለሁ አስታድሳለሁ። የማይነሣው በጦርነት የሞተ ሰው መቃብር ብቻ ነው። እሱ የጠላት አገር ሰው እንኳ ቢሆን እንደተኛ ለዘላለም እንዲቆይ ሕጋቸው ያዛል።

ይህን የነገረችኝ ሃሊና የምትባል አሮጊት ናት። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሆኽስት የሚባል ሰፈር ነው፤ ከምኖርበት ከጉትሎይትፊርቴል በባቡር እመላለሳለሁ። ሃሊና ፖላንዳዊት ናት። ሰማንያ አልፏታል፣ ዓይኗ እየደከመ ነው፣ አፏ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ሾርባ ሳቀርብላት «ይህን ማን ትቶት ነው ለእኔ ያመጣሽው?» ትለኛለች።

ታላቅ ወንድሟ ታዴኡሽ ገና ጎረምሳ ሳለ ከተማቸው በጀርመኖች ላይ ተነሣች፤ እሱም መሣሪያ ይዞ ወጣ። ተሸነፉ። ተማርኮ ወደዚህ ከተማ መጣና ፋብሪካ ውስጥ አሠሩት። የጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት ላይ በረሃብና በብርድ ሞተ፤ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር እዚሁ ተቀብሯል። ሃሊና ባሏ ሲሞት አገሯን ትታ የመጣችው ወንድሟ አጠገብ ለማርጀት ነው። ልጇ «ሰው ከልጅ ልጆቹ ጋር ያረጃል፤ አንቺ ከመቃብር ጋር ታረጂያለሽ?» ብሏታል። «መቃብሩ አይመልስልኝም፤ አንተ ትመልሳለህ» አልኩት ብላ ሳቀችልኝ።

እነዚያ ልጆች እስካሁን በመዝገብ ላይ የሰፈሩት በሠራተኛነት ነው። አሁን ዘመዶቻቸው ማኅበር አቁመው፣ የእያንዳንዱ ስም የተቀረጸበት ሐውልት ሊተክሉላቸው ነው። ከስሞቹ በላይ «ወታደሮች» የሚል ቃል ይጻፋል። መንግሥታቸውም ለሟቾቹ ሜዳይ ሊሰጥ ወስኗል፤ የታዴኡሽን የምትቀበለው ሃሊና ናት። ይህን የነገረችኝ ቀን ሾርባዋን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨረሰችው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልዎ አላውቅም። የሰማሁ ቀን ለእርስዎ ልንገርዎ አለኝ፤ ነገርኩዎ።

የወንድምዎ የወንድዬ ሚስት፣ ውባለም


ደብረ ሲና፣ መጋቢት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውባለም፤

ሰላም ካለሽበት ይግባ። የምትናገረው ውድነሽ ናት፣ የምጽፈው እኔ ጎረቤትዋ ሀብተጊዮርጊስ ነኝ። ደጁ ንፋስ ነው፣ ቤቱ ደህና ነው።

ቅባቱ ደርሷል። ሽታው ፍየል ያባርራል፤ ጉልበቴ ግን ሞቅ ብሎታል። አምና ቆሎ መሸጡን ተዪው ያልሽኝን አልተውኩም። መነኸሪያው በር ላይ ካልተቀመጥኩ ቀኑ አይመሽልኝም። የደሴውም የመቀሌውም አውቶቡስ እዚያ ይቆማል፤ ሰው ሲወርድ አያለሁ። (የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ፊት ሳታይ አንድ ስኒ ቆሎ አትሰፍርም። ሰው «እትዬ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» እያለ ይለምናታል። ይህን ጻፍ አላለችኝም። ሀብተጊዮርጊስ)

ስለ ፖላንዷ ሴት የጻፍሽውን አንዴ አስነብቤ ደግሜ አስነበብኩ። የምጠይቅሽ አለ። ወንድሟ መሞቱን ማን ነገራት? ያየ ሰው ነው ወይስ ወረቀት? መርዶው ሲመጣ እናቷ ነበረች? ለተሸነፈ ወታደር ሐውልት የሚያቆምስ ምን ዓይነት መንግሥት ነው? ሌላ ቅባት አትላኪልኝ፤ ይህን ጻፊልኝ።

በሴት ልጄ በኩል ስልክ ልደውል ላልሽው፣ ተዪው። ስልክ አልወድም። (አዲስ አበባ ካለችው ሴት ልጇ ጋር በእኔ ስልክ ጆሮዬ እስኪግል ታወራለች።)

ውድነሽ


ፍራንክፈርት፣ ግንቦት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውድነሽ፤

ጾሙን በደህና ፈትተው፣ የበልጉም ዝናብ ደጅዎን አርጥቦ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሥራና ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም።

የጠየቁኝን ጸጉሯን እያበጠርኩላት ጠየቅኋት። አብሮት የታሰረ ልጅ ነው ያረዳቸው። ከጦርነቱ በኋላ በእግሩ አገሩ ገብቶ በራቸውን አንኳኳ። እናቷ ከፍታ አየችው፤ ያየችው ግን የእሷ ልጅ አለመሆኑን ብቻ ነው፤ መልሳ ዘጋችው። ልጁም ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ በሩን እያየ ተናገረ። «እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች» አለችኝ ሃሊና። «ግን ሰምታ ኖረች።»

መንግሥታቸውን ለጠየቁኝ፣ ያኔ ልጆቹን ያዘመተው መንግሥት የለም፤ ከዚያ በኋላም ስንት ተለዋውጧል። «ሐውልቱን ያቆመው መንግሥት አይደለም፣ የእኛ ጭቅጭቅ ነው» ትላለች።

ሥርዓቱ ጥቅምት 22 ቀን ነው። እነሱ ሙታናቸውን የሚያስቡበት፣ በየመቃብሩ ሻማ የሚያበሩበት ቀን ነው። ለወደቁ ወታደሮች የሚያደርጉት አንድ ልማድ አላቸው። በሕይወት እንዳለ ጦር ስም ይጠሩላቸዋል። አንድ ሰው ስሙን ይጠራል፤ ሟቹ አቤት ማለት ስለማይችል የቆመው ሕዝብ ስለ እሱ «በክብር ሜዳ ወደቀ» ብሎ ይመልሳል። ብዙዎቹ ዘመድ አልቀረላቸውም። ስለዚህ ዘመድ ያለው ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠውና የራሱን ሰው ከሌሎቹ ጋር አብሮ ያነባል። የሃሊና ዓይን ወረቀት አያነብም፤ ልጇም አልመጣም ብሏል።

«አንቺ ታነቢልኛለሽ» አለችኝ።

«አልችልም» አልኳት።

«የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው ነጥብ የምታነቢ ሴት ነሽ። የከረመ ጋዜጣ ከቆሻሻ መጣያ አውጥተሽ ታነቢያለሽ። አይቼሻለሁ።»

«እሱን ለራሴ ነው የማነበው። የሰው ስም ጮክ ብዬ አላነብም።»

«ምን፣ የሰው ስም ይናከሳል?»

ቴርሚን አለኝ ብዬ ወጣሁ። እዚህ አገር ቀጠሮ አለኝ ካሉ የሚይዝዎት የለም። ቀጠሮ ግን አልነበረኝም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሾርባዋን ከሌላ ሠራተኛ እጅ ነው የምትቀበለው። እኔ ስገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ለምን እንዳልቻልኩ ለእርስዎ መጻፍ አያስፈልገኝም።

ውባለም


ፍራንክፈርት፣ ሐምሌ 29 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ውድነሽ፤

ክረምቱ እንዳይከብድዎ እጸልያለሁ። ያለፈው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘም። ጠፍቶ ይሆን ብዬ ነበር፤ ሴት ልጅዎ ግን ደርሷል አለችኝ። ታመውም እንዳልሆነ ነገረችኝ። እንግዲህ እጠብቃለሁ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ጠየቅሁልዎ። አቶ አብራሃ የሚባሉ የአስመራ ሰው እዚህ አሉ፤ የጡረታ ሰው ናቸው፣ አማርኛ ያኔ ትምህርት ቤት የተማሩት ነው። ባንሆፍስፊርቴል፣ ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት አይጠፉም። በ1982 ምጽዋ ላይ የቀሩት የእኛ ወታደሮች ምን እንደሆኑ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እኔ በ1982 እዚሁ ፋብሪካ በርሜል እያጠብኩ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ሻያቸውን አማስለው ቀጠሉ፤ «እህቴ ግን ከጊንዳዕ በታች፣ በምጽዋ መንገድ ላይ ነው የምትኖረው። ውጊያው ሲያልፍ የመንደሩ ሰው የእኛንም የእናንተንም ቀበረ። የእኛን በስማቸው፣ የእናንተን እንዲሁ። ስማቸውን ለምን አልጻፋችሁም ብላት፣ እኛ ነን እንዴ የጠራናቸው አለችኝ።»

እሳቸው ምን እንደነኩብኝ አላወቁም። ወንድማቸው እዚያው በሌላው ወገን ወድቋል። «እሱ ሐውልት አለው» አሉኝ። «እናቴ ግን ሐውልቱን አልወደደችውም፤ ይበርዳል አለች።» የሻይዬን ሒሳብ አስቀድመው ከፍለውት ኖሯል።

ይህን ያህል ነው ያገኘሁት። ይጻፉልኝ። መቆጣትም ከሆነ ይቆጡኝ።

ውባለም


ደብረ ሲና፣ መስከረም 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውባለም፤

አዲሱ ዓመት በእርጋታ ይግባልሽ።

ደብዳቤዎችሽ ፍራሼ ሥር ናቸው። ሀብተጊዮርጊስን ልጠራው እነሣና ቃሉ ይጠፋብኛል። ዛሬ እንደመጣልኝ እናገራለሁ፤ እሱም ከራሱ ሳይጨምር ይጻፍ።

አንቺ ስለማታነሺው፣ እኔም ስለማላነሣው፣ ይኸው አረጀን።

መሠረተ ትምህርት አብረን ነው የገባነው። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አንቺ ቶሎ አነበብሽ፣ እኔ ፊደሉ ላይ ቀረሁ፤ ግን እኮራብሽ ነበር። ሌሊት በኩራዝ ያገኘሽውን ሁሉ ስታነቢ ወንድዬ «ዓይንሽን ልትጨርሺው ነው» ሲልሽ፣ ተዋት እለው ነበር። ቀበሌው ሰው የሰበሰበ ዕለት ሊቀ መንበሩ ጉንፋን ድምፁን ዘግቶት «ውባለም ታንብብልን» ሲል፣ አጠገቤ ላለችው ሴት «የወንድሜ ሚስት ናት» ያልኩ እኔ ነኝ።

ምን እንደምታነቢ አላወቅንም። አንቺም ወረቀቱን ከፍተሽ ነው ያወቅሽው፤ ለውትድርና የተመረጡ ልጆች ስም ነበር። ይህን አምናለሁ። አንብበሽ አንብበሽ ቆም አልሽ። ዓይኔ አንቺ ላይ ነበር። ወደታች አየሽ፣ ወደ እኔ አየሽ። ከዚያ «ሙሉጌታ ታፈሰ» አልሽ።

ልጄ ሙሌዬ ከኋላ ቆሞ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሙ የተጠራ ይመስል «አቤት አክስቴ» አለ። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ዘለልሽው ቢሆን ኖሮ ማታውን ወደ ሮቢት ቆላ አወርደው ነበር እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ብትዘልዪውም በማግሥቱ ከቤት ይወስዱት ነበር እላለሁ። ሁለቱን እያፈራረቅሁ እዚህ ደረስኩ። ስልክ የማልወደውም ለዚህ ነው። የስልክ ጥላቻ አይደለም፤ ድምፅሽን ነው የምፈራው።

መንግሥት ወድቆ ወታደሩ በዚህ መንገድ ባዶ እግሩን ሲመለስ፣ ቆሎውን ያለ ሒሳብ በእጃቸው እያፈሰስኩ ፊታቸውን አየሁ። ሙሌ የለም። ከዚያ ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለመርዶ መጡ። «ያየ ይግባ» አልኳቸው። ያየ አልነበረም፣ ተመለሱ። ደግመውም መጡ፤ ደግሜ መለስኳቸው። ከመንግሥት ወረቀት አልመጣም፤ የወደቀ መንግሥት ምን ይልካል? ልጄ ሳይለቀስለት፣ ተስካሩ ሳይወጣ፣ ከሕያዋንም ከሙታንም ወገን ሳይሆን ቀረ። ቄሱ እንኳ «ከየትኞቹ ጋር ላንሣው?» ብለው ጠይቀውኛል።

የምለምንሽ ይህ ነው። የዚያችን ሴት ወረቀት አንብቢላት። ስትጨርሺ የልጄን ስም ጥሪ። በዚያን ቀን በጠራሽው ድምፅ፣ ከነአባቱ። እስከ ዛሬ የማንንም መርዶ አልተቀበልኩም፤ የጠራው ሰው ነው የሚያረዳኝ። ጠርተሽው ስታበቂ ዝም ብለሽ አዳምጪ። አቤት የሚል ካለ ስሚልኝ። የሚል ከሌለም ጻፊልኝ። ጉልበቴ አልቋል።

ውድነሽ

(ከራሴ ምንም አልጨመርኩም። ሀብተጊዮርጊስ)


ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 26 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ፤

ይህችን ገጽ ለብቻዎ ያንብቡና እዚህ ላይ ያቁሙ። ሁለተኛውን ገጽ ለእትዬ ውድነሽ ከማንበብዎ በፊት ቄሱንና የዕድራቸውን ሰዎች ይጥሩልኝ። ሴት ልጃቸው ከአዲስ አበባ ትምጣ። ንጋት ላይ ይሁን፤ መነኸሪያው ላይ፣ ሰው መሀል እንዳይሰሙት አደራ። መምጣት ነበረብኝ፤ እትዬ ግን ነይ አላሉኝም። ነጠላዬን እዚህ ዘቅዝቄያለሁ። ከእናንተ ጋር ደጅ ላይ እንደቆምኩ ይቁጠሩኝ።

ውባለም

ሁለተኛ ገጽ

እትዬ ውድነሽ፤

ዛሬ ሰላምታ አላስቀድምም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ሃሊና ክፍል ገብቼ «አነብልሻለሁ» አልኳት። ለምን ሐሳብሽን ቀየርሽ አላለችኝም። «ወንበር ሳቢና ተቀመጪ፣ የእኛ ስም ምላስ ይሰብራል» አለችኝ። በየቀኑ ስታስጠናኝ ከረመች። ስሳሳት «አሁን የሰውየውን አያት ሰደብሽ» ትለኝና ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች።

ቀኑ ዝናብ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበሯ ገፋኋት። ሐውልቱ ግራጫ ድንጋይ ነው፣ ስሙ ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ብሏል። ሃሊና «ወታደሮች» የሚለውን ቃል በጣቷ ፊደል በፊደል ዳሰሰችው። ሜዳዩን የሚሰጣት ሰው ጎንበስ ሲልላት «ዘገያችሁ» አለችው። ደረቷ ላይ ላድርግልሽ ብላት እምቢ ብላ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

ወረቀቱን ሰጡኝ። ድምፄ ወጣ። ስም ስጠራ ሕዝቡ «በክብር ሜዳ ወደቀ» ይላል። ስጠራ፣ ሲሉ፣ ስጠራ፣ ሲሉ። ታዴኡሽ ኮቫል ያልኩ ጊዜ የሃሊና ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

ወረቀቱ አለቀ። ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ወደፊት መጣ፤ እኔ ግን ቦታውን አልለቀቅሁም። ቀና ብዬ፣ ወረቀት ሳላይ፣ «ሙሉጌታ ታፈሰ» አልኩ።

እንዳዘዙኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ዝናቡ ጃንጥላዎቹን ይመታል። ከሩቅ ባቡር አለፈ። ሥርዓቱን የሚመራው ሰው ወረቀቱን አገላበጠ፤ ስሙን ከየት እንዳመጣሁት ጠፋበት። አዳመጥኩ፣ እትዬ። ከኋላ የቆሙትን፣ ከዛፎቹ ሥር ያሉትን፣ ሁሉንም አዳመጥኩ። ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ፤ ተኝቼም ስሰማው ኖሬያለሁ። አቤት ያለ የለም። የሳቀም የለም።

ከዚያ ሃሊና ከወንበሯ ሆና፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ፣ «በክብር ሜዳ ወደቀ» አለች። ሕዝቡም ተከትሏት አለ።

ወረቀቱን እያየሁ የቆምኩባት ያቺ ቅጽበት ከእኔ ጋር ናት። ይቅርታ አልለምንዎትም፤ ያዘዙኝ እሱን አይደለም።

ልጅዎ ሙሉጌታ ታፈሰ ሞቷል። ያን ጊዜ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም ጠርቼው አልመለሰም። አረዳሁዎት።

ውባለም


ደብረ ሲና፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውባለም፤

ንጋት ላይ መጡ። በሩን ስከፍት ነጠላቸውን አየሁ። እንደለመድኩት «ያየ ይግባ» ልል አፌን ስከፍት፣ ሀብተጊዮርጊስ ደብዳቤሽን ከፍ አድርጎ «የጠራው መጥቷል» አለኝ። ተውኳቸው፣ ገቡ።

እያነበበ መሀል ላይ ድምፁ ተዘጋበት። ሌላ ሰው ይቀበለው ብለው ነበር፤ እኔ አይሆንም አልኩ። ጠበቅነው። ጨረሰው።

ድንኳን ተተከለ። የትምህርት ቤት ሹራቡን ከሳጥን አወጣሁት፤ ብል በልቶታል። ታቅፌው አለቀስኩ። በዚያን ቀን አብረውት የተጠሩት ልጆች እናቶች ሰምተው ከየሰፈሩ መጡ። እነሱም ያላለቀሱት አላቸው። አንዷ የልጇን ስም ስትጠራ ሌላዋ የልጇን ስትጠራ፣ ማን የማንን እንደሚያለቅስ ሳይለይ ዋልን። ቄሱ ሙሉጌታን ከሙታን ጋር አነሡት። አሁን የት እንደሆነ ይታወቃል።

ያቺን ሴት አመስግኚልኝ። ሳታውቀው መልሳለታለች።

ላንቺ የምለውን ገና አላገኘሁም። ይቅር ብያለሁ ብል ሀብተጊዮርጊስ ደስ ብሎት ይጽፈው ነበር፤ ግን አላልኩም። (አላለችም።) ስልኩም ገና ነው። አንቺ ግን ጻፊ። የወንድዬንም መቃብር እንዳያነሡት።

ለቅሶው ሲያበቃ ወደ መነኸሪያው ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት የመቀሌው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ሰው ሲወርድ የጫማውን ድምፅ ሰማሁ። አንዱ «እናቴ፣ ቆሎ ስጪኝ» አለ፤ የወጣት ድምፅ ነው። ስኒዬን ሞልቼ ሰፈርኩለት። እጁን አይቼ ብሩን ተቀበልኩ። ቀና አላልኩም።

ውድነሽ